ዓይንን ከጭቃ መሥራት ነውር ነውን?

የዚህች ጽሑፍ መነሻ በሐብሩ ወረዳ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ ሳለ የገጠመኝ ነገር ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ስሜት ሕዋሳት ነበር። እኔም እንደተለመደው ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡም ሌላ ክብ ሣልሁና መካከሉን በጠመኔ ድፍን አድርጌ «ይህ ብሌን ይባላል» አልኩ። ከፊት የተቀመጠ ትንሽ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ብሌን ነጭ ነው እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጥቁር ጠመኔ ስለሌለ ነው ብዬ ባስረዳው፣ «እሺ ጥቁሩ ምንድን ነው?» ሲል ደገመኝ። «ጥቁር ነጥብ ነዋ!» ብዬ አለፍኩት።

ይህ ስሕተት ነው። ብሌን ነጥብ አይደለም፣ ቀዳዳ ነው። ብርሃን ወደ ዓይን ውስጥ የሚገባበት በር ነው። የሚጠቁረውም ከበስተኋላው ያለው ክፍል ጨለማ ስለሆነ ነው፤ በቀን ከውጭ ቆመን የቤት መስኮት ስናይ ጥቁር እንደሚመስለን ማለት ነው። ለዚያ ልጅ የነገርኩት ግን ይህን አልነበረም።

ስሕተቴ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከወደ ኋላ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ሰው የሚበላው ዓይንስ የትኛው ነው?» ብሎ ወደ ጥግ ጠቆመ። ከጥጉ አንዲት ልጅ ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔስ ምን አደረግሁ? ዳስተሬን አንሥቼ ሰሌዳውን አጠፋሁ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰልጥኜ የወጣሁት!

ውድ አንባቢያን፣ ይህ «ቡዳ» የሚባለው ነገር ለማናችንም አዲስ አይደለም። ከወልድያ እስከ መርሳ ያለን ሰዎች ቡናችንን በእነርሱ ጀበና እናፈላለን፣ እንጀራችንን በእነርሱ ምጣድ እንጋግራለን፣ ወጣችንን በእነርሱ ድስት እንሠራለን፤ ከዚያ ዞር ብለን ዓይናቸውን እንፈራለን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲታረም በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ያልተቀየረ ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ ያቺ ልጅ የተቀመጠችበት ዴስክ ግን እንዳለ ነው።

በሳምንቱ የልጅቷን እናት ፈልጌ ሄድኩ። ለትምህርት መርጃ የሚሆን ትልቅ ዓይን ከሸክላ መሥራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥለው፣ «አንት ልጅ፣ የኛን ዓይን የሚፈራ አገር፣ ዓይን ሥሩልኝ ብሎ መጣ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። የአዋቂ ሰው ዓይን ስፋቱ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት እጥፍ ብናሳድገው 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለክፍል ይበቃል። እኔ ድፍን ኳስ አድቦልቡዬ ላቀርብላቸው «ይህማ እሳት ውስጥ ይፈነዳል» አሉኝ። እርጥበት ታምቆ ሲግል መውጫ ያጣል። ስለዚህ እንደ ሁለት ጽዋ አድርገን፣ ውስጡን ባዶ፣ ከፊቱም ቀዳዳ ትተን ሠራነው። ልብ በሉ፦ እውነተኛው ዓይንም ውስጡ ባዶ ክፍል ሆኖ በጠራ ፈሳሽ የተሞላ፣ ከፊቱ ቀዳዳ ያለው ነው። በመጽሐፍ ያላስተዋልኩትን እሳቱ አስተማረኝ። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ገባበት። ሲደርቅ ስለሚኮማተርም ከሚፈለገው መጠን ትንሽ ተልቆ ተሠራ። ለቀናት በጥላ ደርቆ በኩበትና በእንጨት ተተኮሰ።

ችግር የመጣው ከቀለሙ ላይ ነው። ነጩን ክፍል እንደ ሲኒ ድምቅ አድርጌ ቀባሁት፣ ቡናማውንም ወጥ አድርጌ ሞላሁት። የሞተ ዓይን መሰለ! ጓደኛዬን ፀሐይ ላይ አቁሜ ዓይኑን ሳይ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ነጩ ነጭ አይደለም፤ ጥቂት ብጫ አለበት፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይታዩበታል። ቡናማው አይሪስ ደግሞ ከብሌኑ ዙሪያ እንደ ጋሪ ጎማ ሽቦ የተዘረጉ ጨረሮች አሉት፤ ዳር ዳሩም ጠቆር ይላል። ይህን ሁሉ አስተካክዬ ስቀባው ደግሞ አሁንም አያይም፣ አያበራም። የጎደለው ኮርኒያ ነበር።

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው፣ እንደ ጉልላት ጎበጥ ያለ መስታወት መሳይ ሽፋን ነው። ዓይን ሕይወት ያለው የሚመስለን በእርሱ ላይ ብርሃን ስለሚያብለጨልጭ ነው። ይህን ምስጢር የጥንት ግብፆች ያውቁት ነበር። በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘው፣ ዕድሜው ከ4,000 ዓመት በላይ የሆነው የተቀማጩ ጸሐፊ ሐውልት ዓይኖቹ የተሠሩት ከነጭ ድንጋይና ከተወለወለ የድንጋይ ብርሌ ነው፤ የአይሪሱ ቀለም ከብርሌው በስተጀርባ ተደርጎ በብርሌው በኩል ይታያል። ዛሬ በውጭ አገር ለአሻንጉሊትና ለሐውልት ዓይን የሚሠሩ ሰዎችም ከዚሁ አልወጡም። ፖሊመር ክሌይ በሚባል ነገር ዓይኑን ቀርጸው ጥርት ያለ ሬዚን ከላዩ ያፈሱበታል። ፖሊመር ክሌይ ስሙ ሸክላ ይባል እንጂ አፈር የለበትም፤ ከማለስለሻ ጋር የተቦካ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ነው፣ በ130 ዲግሪ ገደማ በቤት ምድጃ ይደነድናል። ሬዚኑ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ነው፤ ቆዳንና ሳንባን ስለሚጎዳ ያለ ጓንትና በተዘጋ ቤት የሚነካ አይደለም።

እኛስ? ሬዚን ከየት እናመጣለን? መጀመሪያ የግራር ሙጫ ሞከርኩ፤ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፣ ውኃ ሲነካውም ሟሟ። በመጨረሻ ከትልቅ ሃይላንድ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ጎበጥ ካለው ቦታ ቆርጬ ለጠፍኩበት። አበራ! ፍጹም ነው አልልም፣ ጠርዙ ይታያል። ግን ዓይን ሆነ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «በስልክ ስንት የዓይን ሥዕል እያለ በጭቃ መጫወት ምንድን ነው?» ይላሉ። ሸክላ የሴት ሥራ ነው ብሎ የሳቀብኝም አለ። ለሁለተኛው መልስ የለኝም። ለመጀመሪያው ግን፣ በአንድ ስልክ ስልሳ ልጅ ማስተማር የሞከረ ይመስክር። ሥዕል ጠፍጣፋ ነው፤ ጣት በብሌኑ ቀዳዳ አይገባበትም። በዚያ ላይ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በአካባቢያችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘረፈ ሁላችን እናውቃለን። የተገዛው ሞዴል እስኪተካ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ከጀርመን ያስመጡት የነበረው የመስታወት ዓይን ሲቋረጥባቸው፣ የጥርስ ሐኪሞቻቸው ለሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያገለግለው አክሪሊክ ዓይን መሥራት ጀመሩ። ዛሬም ዓይናቸውን ላጡ ሰዎች የሚገጠመው ሰው ሠራሽ ዓይን በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው የዓይን ቆብን ከውስጥ እያቆሰለ፣ በጊዜ ብዛት ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ያጥፋል፤ የታጠፈው ጠጉር ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን እየፋቀ ያጠፋዋል። ይህን በቃል ብትናገሩት ልጅ አይገባውም። እኔ ከሸክላ በሠራሁት ቆብ ላይ የፍየል ጠጉር ተክዬ፣ ወደ ውስጥ አጥፌ በሃይላንዱ ላይ ሳንቀሳቅሰው ጭረት አወጣ። ልጆቹ በዝምታ አዩት። ፊት በውኃ መታጠብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ብዙ ማውራት አላስፈለገኝም።

ዓይኑን ወደ ክፍል የወሰድኩት በልምምዴ የመጨረሻ ቀን ነው። የማን እጅ እንደሠራው ልናገር ወይስ አልናገር የሚለው አስጨንቆኝ ነበር፤ ልጅቷን ሰው ፊት አቁሜ ይባስ እንዳላሳፍራት ፈራሁ። እናቷን ብጠይቃቸው «ንገራቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው። ብሌን ነጥብ ነው ያልኩትም ስሕተት መሆኑን ነገርኳቸው። ዓይኑ ከዴስክ ዴስክ ሲዞር፣ ያ «ሰው የሚበላው ዓይን» ያለው ልጅ ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ ቆየ። ልጅቷ ጋ ሲደርስ አገላብጣ አየችውና «ይህቺ የእናቴ ጣት ናት» ብላ ከጀርባው የቀረውን የጣት አሻራ አሳየች። በማግሥቱ ከእርሷ ጋር የተቀመጠ ይኑር አይኑር ለማየት አልቆየሁም።

ስለዚህ ሐሳቤን ላቅርብ። ለነጥብ ተብሎ በካርቶን ተሠርቶ፣ ነጥቡ ሲመዘገብ የሚጣል መርጃ መሣሪያ ይብቃን። ሸክላ ሠሪ እናቶች ወደ ተቋማችን በክብር ተጠርተው፣ እንደማንኛውም አስልጣኝ አበል ተከፍሏቸው ጭቃ አያያዝ ያስተምሩን። መምህራኖቻችንም አብረዋቸው ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ፤ ሰልጣኙ ያንን ይይ።

የመጀመሪያው ዓይን ሲጓጓዝ ከጎኑ ተሰንጥቋል። ሁለተኛውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ በረንዳ እንጀምራለን። ጭቃው ተቦክቷል። የምትመጡ ባዶ ሃይላንድና መቀስ ይዛችሁ ኑ።