ቶዮታ አይበላሽም ሲባል የትኛው ቶዮታ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ዘመድ ወዳጁን ሲያማክር የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ቶዮታ ግዛና ተገላገል።» የስንት ዓመት ምርት፣ ከየት አገር የመጣ፣ በስንት ሰው እጅ ያለፈ፣ ግጭት ያየ ወይስ ያላየ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይከተልም። ስሙ ብቻውን ምርመራውን ሁሉ የጨረሰ ይመስላል። ገዢውም የዓመታት ቁጠባውን፣ የዕቁብ ብሩንና ከወንድሙ የተበደረውን ሰብስቦ ደላላ ዘንድ ይሄዳል። የሚመለሰው ከ20 ዓመት በፊት ከፋብሪካ የወጣች ቪትዝ ይዞ ነው። የከፈለው ከሚሊዮን ብር በላይ ነው፤ በሌላ አገር ቢሆን አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስደራድር ገንዘብ።

ይህን እምነት በንቀት ማለፍ አይቻልም። ከሜዳ የተነሳ አይደለምና። የመጀመሪያዋ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ፣ አውሮፓ ላይ ደግሞ ያሪስ ተብላ ስትሸጥ፣ ላያት ሰው መጫወቻ የምትመስል ትንሽ መኪና ነበረች። ግን እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብላ የተሸለመችው እሷ ናት። ባለ አራት ሲሊንደሩ 998 ሲሲ ሞተሯ ቫልቮቹን የሚያዘው በሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ቺንጊያ ካልተቀየረ ሞተሩ ይመታል የሚለው ስጋት የለባትም። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች በመሆኑ ጎማውም፣ የፍሬን ሸራውም፣ ነዳጁም ቶሎ አያልቅም። ዘይቷን በጊዜው የሚቀይርላት፣ ውኃዋን የሚያይላት ሰው ለዓመታት ቴስታ ሳያስከፍት ይነዳታል። ይህን የሚመሰክሩ ባለቤቶች ውሸታም አይደሉም።

ይሁን እንጂ የእነዚሁን ባለቤቶች ወሬ ልብ ብሎ ለሰማ፣ «አይበላሽም» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። ሲበላሽ በማግስቱ ይሠራል ማለት ነው። ዕቃው ሶማሌ ተራ አለ፤ አዲሱም፣ ያገለገለውም፣ ፎርጅዱም። የሰፈሩ መካኒክ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥመዋል። ፔጆ ወይም ቮልስዋገን የያዘ ጎረቤት አንድ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣለት ሳምንታት ሲጠብቅ፣ የቪትዝ ባለቤት ጠዋት ጋራዥ አስገብቶ ከሰዓት ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣል። (የመኪናው አካል ጃፓናዊ፣ የአካሉ ስም ጣሊያንኛ መሆኑ ደግሞ የራሱ ጨዋታ ነው፦ ካንዴላ፣ ሞላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፓራውልት። የቶዮታ መሐንዲስ መጥቶ ቢያዳምጥ የራሱን መኪና አያውቃትም።)

እንግዲህ ግማሹ ጥንካሬ የፋብሪካው ሲሆን ግማሹ የከተማው ነው። ቅባት የነካው የመካኒኩ እጅ፣ የዕቃ ሻጩ መጋዘን፣ አንዱ ለአንዱ የሚያስተላልፈው ልምድ ተደምረው ነው «ቶዮታ» የሚባለውን ነገር የሠሩት። ሦስተኛው አካል ደግሞ ገበያው ነው። አዲስ አበቤ ቪትዝ ሲገዛ የሚገዛው መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ቦታም ጭምር ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ሲጥል፣ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባ ሁሉ ዋጋው ተተኮሰ። በጥር 2016 መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ለባለ ቪትዙ ግን ትርጉሙ አንድ ነበር፦ አምስት ዓመት ነድቶ፣ ቧጭሮና አጋጭቶ፣ ከገዛበት ዋጋ በላይ መሸጥ። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚሰጥ መኪና ላይ ማን ቅሬታ ያሰማል?

በተለይ ስለ ምቾት ማንም አያሰማም። የአንድ ሊትር ቪትዝ ሞተር ሲወጣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ያ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ሞተሩ በ20 ዓመት ያጣውን ሳንቆጥር፣ አምስት ሰው ጭና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወጣ ቪትዝ ስታቃስት የሚሰማው ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። ኤሲ ማጥፋት ግድ ይሆናል። መሬት እየነካች ስላስቸገረች ባለቤቷ ሞላው ላይ ጎማ ወይም ብረት አስገብቶ ከፍ ያስደርጋታል፤ ከዚያ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ እያንዳንዱ ድንጋይ ለወገብ ይቆጠራል። ከኋላ የተቀመጠ ረጅም ሰው ጉልበቱን የሚያኖርበት ያጣል። ቀኑን ሙሉ የራይድ ጥሪ ሲቀበል የሚውል ሹፌር ማታ ቤቱ ሲገባ ጀርባውን የሚያሳሸው በሰበብ አይደለም። ሆኖም ስለ መኪናው ሲጠየቅ «ምንም አትልም፣ ጎበዝ ናት» ነው መልሱ። የሚያወራው ስለ ሞተሯ ነው፤ የራሱ ወገብ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

የምቾት ነገር ከተነሳ ደግሞ የቶዮታ ዋነኛው ደንበኛ ባለ ቤት መኪናው እንዳልሆነ መታወስ አለበት። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሰማያዊና ነጩ ሃይኤስ በከተማው ከየትኛውም መኪና የበለጠ ሰው ያጓጉዛል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲሠሩ የዕቃ መጫኛ ነበሩ፤ ጎናቸው ተቆርጦ መስኮት፣ ወለላቸው ተበስቶ አግዳሚ ወንበር የገባላቸው በኋላ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ተሳፋሪው የሚጠጋጋበት ወንበር ከጃፓን ፋብሪካ የወጣ አይደለም፤ ብሎኑንም የቶዮታ ፈታኝ አላየውም። ግንባሩ ላይ ያለው አርማ ግን ያው ነው፣ ስሙም ያው።

ጉዳዩ ከወገብ ሕመም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቶዮታ ስሙን ያገኘው በማይቆም መኪና ነው ተብሎ ቢታሰብም፣ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። የኩባንያው ሥር የሆነው ሳኪቺ ቶዮዳ የሠራው የሽመና ማሽን ዝነኛ የሆነው ክር ሲበጠስ ራሱ በመቆሙ ነበር። ያ ሐሳብ ወደ መኪና ፋብሪካው ተሻገረና፣ ማንም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም የሚችልበት አሠራር ሆነ። ጥራት የሚባለው የመጣው ከዚህ መቆም ነው። እዚህ ግን ስሙ የሚያገለግለው ላለመቆም ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፤ «ቶዮታ ነው ችግር የለም» ይባልና ይነዳል። የኤርባግ መብራት ይበራል፤ ሊሸጥ የተዘጋጀ መኪና ከሆነ አምፖሉ ይነቀላል ወይም በጥቁር ፕላስተር ይሸፈናል። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ደላላው ይህን ሁሉ የሚሸፍንበት አንድ ቃል አለው፤ ቃሉም ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

ስለ ኤርባግ የሚባለው ነገር ተራ ማስፈራሪያ አይደለም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች ውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ስለሚበላሽ፣ በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ ወደ ሹፌሩና ወደ ተሳፋሪው ይረጫሉ። በዓለም ዙሪያ ሰዎች ሞተውበታል፤ ታካታም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኪሳራ ሕግ ጥበቃ አመልክቷል። ዕቃው የተገጠመው በብዙ ኩባንያዎች መኪኖች ላይ ሲሆን ቶዮታም አንዱ ነው፤ በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ቪትዝና ራቭ 4 ለጥገና ተጠርተዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ላሉ ወደ 50,000 የሚጠጉ አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች ያስተላለፈው መልእክት «እስኪጠገን ድረስ አትንዱት» የሚል ነበር። ከእነሱ ውስጥ የ2003 እና የ2004 ሞዴል ኮሮላ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭ 4 ይገኛሉ።

እነዚህን ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። «ጽድት ያለች፣ ምንም ወጪ የማትፈልግ» ተብለው በየቀኑ የሚለጠፉት እነሱ ናቸው። በእርግጥ አንዱ ኮሮላ እንደ ሌላው አይደለም፤ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ፣ ጥሪው ተደርሶለት እንደሆነ ይለያያል። የአዲስ አበባ አየርም ቀዝቃዛ ነው። ግን መኪናው ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት አሥር ዓመት ዱባይ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከሆነስ? ባለቤቱ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚነዳው ከሆነስ? ከጃፓን መጥቶ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ደግሞ ኤርባጉ ቦታው ላይ መኖሩም ያጠራጥራል። አሜሪካ ያለው ባለቤት ደብዳቤ በፖስታ ይደርሰዋል፤ በሦስተኛ እጅ ከደላላ የገዛው የአዲስ አበባው ባለቤት አድራሻ ማንም ጋ የለም።

ይህን መናገር ቶዮታን ማጣጣል የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ኩባንያው ራሱ ግን ስለ ራሱ ይህን ያህል ዓይን አልጨፈነም፤ ሲጨፍንም ተቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቤንዚን መስጫ ፔዳል ችግር ጋር በተያያዘ ደንበኞችን አሳስቷል ተብሎ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የእሱ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በ64 ሞዴሎች የደኅንነት ፍተሻ ላይ ማጭበርበር እንደተገኘበት ይፋ ሆኖ ምርቱን መላክ አቁሟል፤ ከሞዴሎቹ መካከል በቶዮታ ስም የሚሸጡም ነበሩ። የትም አገር ያለ ገዢ ይህን ሰምቶ ቶዮታ መግዛቱን አልተወም፤ መተውም አይጠበቅበትም። ጥሩ መኪና ነው። ጥሩ መኪና መሆኑ ግን መጠየቅን አይተካም።

የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ሲመጣ ደግሞ ያው ልማድ አብሮ መጥቷል። ከቻይና ከሚገባው ቢዋይዲ ይልቅ «ቶዮታ ስለሆነ» ብሎ ቢዜድ4ኤክስ የሚመርጥ አለ። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የጎማ ብሎኖቹ ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተብሎ ተጠርቷል። ችግሩ ተስተካክሏል፤ መኪናውም መጥፎ አይደለም። ቢዜድ3 የተባለው ወንድሙ ደግሞ ቻይና ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ባትሪውና ሞተሩ የቢዋይዲ ነው። ለስሙ ብሎ ትርፍ ብር የሚከፍለው ሰው የሸሸውን ኩባንያ ባትሪ ይዞ ቤቱ ይገባል። ደግሞም ለቪትዝ የነበረው የሶማሌ ተራ ዕቃና የሰፈር መካኒክ ለእነዚህ ገና አልተፈጠረም። ግማሹ ጥንካሬ የከተማው ነው የተባለው ለዚህ ነው።

የነዳጅ መኪና መግባቱ ስለቆመ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ተተኪ የላቸውም። በየዓመቱ አንድ ዓመት እየጨመሩ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራሉ። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ስለ ቶዮታ ሳይሆን ስለዚያች አንዲት መኪና ይጠይቅ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ያስነሳት። ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋቱን ይይ፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ የለም ማለት ነው። መካኒኩን ራሱ ይምረጥ፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ሰው ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻሲ ቁጥር ከመኪናው አካል ጋር አንድ መሆኑን ካየ በኋላ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይያዘው። ለአውሮፓ፣ ለአሜሪካ ወይም ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራ ከሆነ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ አጠር ያለና በሰረዝ የተከፈለ ነው። ቶዮታ በየገበያው ባሉት ድረ ገጾቹ ይህን ቁጥር ተቀብሎ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ መኖር አለመኖሩን በነፃ ይናገራል። ከቀብድ በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ የሻሲ ቁጥሩን ፎቶ ማንሳት ከከለከለ ግን ሌላ ቪትዝ መፈለግ ነው፤ ከተማው ሞልቷል።