ለሙዚቃ አስተማሪዎች ያለ ዋጋ የሚገኝ ኖታ

የኖታ መጽሐፍ ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ፥ አንዱን ወረቀት ለአርባ ልጅ የሚያዘዋውር የሙዚቃ አስተማሪ ጥቂት አይደለም። በቤታችሁ እንዲህ ያለ አስተማሪ ካለ፥ በኢንተርኔት የሚገኙትን ሁለት የኖታ ቤተ መጻሕፍት እንድትነግሩልን እንለምናለን።

አንደኛው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የተከፈተው አይ.ኤም.ኤስ.ኤል.ፒ. ነው፤ በ1501 በቬኒስ ኖታ ባሳተመው በኦታቪያኖ ፔትሩቺ ስምም ይጠራል። የባኽና የሞዛርት ድርሰቶች በዚያ አሉ።

መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት ግን እኛ የምናስበልጠው በ1998 የተመሠረተውን ሲ.ፒ.ዲ.ኤል. የተባለውን የመዘምራን ኖታ ማከማቻ ነው፤ ጕሮሮ ያለው ልጅ ሁሉ መዘመር ይችላልና። ከብዙዎቹ ኖታዎች ጋራ የሚደመጥ ፋይል ስለ ተቀመጠ፥ ፒያኖ መምታት የማያውቅ አስተማሪ እንኳ ዜማው እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይሰማል።

ያገኙትን ሳይውል ሳያድር አትሞ ማስቀመጥ ይገባል። የፊተኛው ቤተ መጻሕፍት በ2007 ከአንድ የቪየና አሳታሚ የባለመብትነት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ከስምንት ወር በላይ ተዘግቶ ነበር፤ በነዚያ ወራት ወረቀቱን በእጁ ያልያዘ አስተማሪ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነበት። ከማተም በፊት ግን ደራሲው የሞተበትን ዓመት መመልከት አይዘንጋ፤ በአገራችን ሕግ መብቱ ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው።