ከቆጣሪዋ በፊት ሻጩን ጠይቁ

አንቲባዮቲክ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ይውጣ፣ ጀርሞች መድኃኒት የተላመዱት በእነሱ ነው የሚል አስተያየት ታትሞ አነበብሁ። መላመዱ እውነት ነው። ተጠያቂው ግን ሌላ ነው።

ጸሐፊው አንድ ጊዜ አርብ ገበያ ከተማ ቢመጡ መልካም ነበር። ከታች ጋይንት ወረዳ ሩቅ ቀበሌ ልጇን አዝላ በእግሯ የምትመጣን እናት የሳንባ ምች አይጠብቃትም። ለዚህም ነው በ2002 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ የሳንባ ምችን በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ የተፈቀደው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መድኃኒቱን እንዴት ትሰጣለች? ሰዓት ይዛ የሳለውን ልጅ ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አሞክሳሲሊን ይጀመራል። ከዚያ በታች ሆኖ ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለ ጉንፋን ነውና አንቲባዮቲክ የለም። ካንቀጠቀጠው ወይም መጥባት ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ደም ለሌለው ተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ እንጂ አንቲባዮቲክ አትሰጥም።

ያለ ማዘዣ ግማሽ ስትሪፕ ቆርጦ የሚሸጠው መድኃኒት ሻጭስ የማንን ትንፋሽ ቆጥሮ ነው? ባለፈው ዓመት ለታላቁ ልጅ ከተገዛው ሽሮፕ የተረፈውን ለታናሹ የምንግተውስ እኛ አይደለንም? (ይህን የማያደርግ ቤት ካለ ይቅርታ።)

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲያስል መድኃኒት ከመጠየቃችሁ በፊት ትንፋሹ እንዲቆጠር ጠይቁ፤ የታዘዘውንም ጨርሱ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ኬላው አሞክሳሲሊን እንዳይጎድለው ያድርግ።