የማሕፀን በር ካንሰርና የኤም አር አይ ምርመራ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን እናቶችን ስለሚያጠቃ አንድ ብርቱ በሽታ፣ ደግሞም የበሽታውን ስፋት ለክቶ ስለሚያሳይ መሣሪያ ጥቂት እንነግራችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማሕፀን በር ማለት የማሕፀን የታችኛው ክፍል፣ ጠባቡ አንገት ነው። በዚህ ስፍራ የሚነሣው ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባለው ቫይረስ ነው፤ ይህንንም የገለጡት ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሃውሰን በ2008 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ከማሕፀን በር ላይ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። ኤም አር አይ ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «በሽታው እስከ ወዴት ደርሷል?» የሚለው ነው። መሣሪያው የሚሠራው በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ነው እንጂ እንደ ራጅ በጨረር አይደለም። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን ሥዕል በ1973 አሳትመው ያሳዩት አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ናቸው።

የሥዕሉ ጥቅም ምንድን ነው? ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ፣ ገና ልጅ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ማሕፀኗን ትቶ በሩን ብቻ ለመቁረጥ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ዕጢው አልፎ በግራና በቀኝ ወዳለው ሥጋ የገባ እንደ ሆነ፣ ዋናው ሕክምና ጨረርና መድኃኒት ነው እንጂ ቀዶ ጥገና አይደለም። ይህ አስቀድሞ ሳይታወቅ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴት በኋላ ደግሞ ጨረር ቢያስፈልጋት የሁለቱንም ጉዳት ትሸከማለች። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2018 ባወጣው ደንብ፣ የበሽታው ደረጃ ሲወሰን ከሐኪሙ የእጅ ምርመራ ጋር የሥዕል ምርመራም እንዲረዳ ፈቅዷል።

ወደ መሣሪያው የምትገባ ሴት የብረት ጌጧን ሁሉ ማውለቅ ይገባታል፤ በሰውነቷ ውስጥ የተተከለ ብረት ወይም የልብ ምት መሣሪያ እንዳለም አስቀድማ ትናገር። መሣሪያው እንደ መዶሻ ይጮኻል፤ ነገር ግን አያሳምምም። ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ብቻ ነው።

ሆኖም ኤም አር አይ የበሽታውን መነሻ የሚያሳይ መሣሪያ አይደለም። መነሻው የሚገኘው ጤነኛ የምትመስል ሴት በጤና ጣቢያ የማሕፀን በሯን ስትመረመር ነው። ልጃገረዶችንም ክትባት ይጠብቃቸዋል፤ በኢትዮጵያ ይኸው ክትባት በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል።

እንግዲህ ከወር አበባ ውጭ፣ ከሩካቤ በኋላ፣ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም የታያት ሴት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ባሏም ምክንያት ሳያበዛ አብሯት ይሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።