ራዲዮን የሚያፍነው አንቴናና የአርሲ ተራራ መንገድ

በቀድሞ ዘመን ሠራዊት በመንገድ ሲጓዝ የሚፈራው ከፊቱ የሚቆመውን ጦር፤ በጎኑ የሚያደፍጠውን ሽፍታና ከገደሉ ላይ የሚለቀቅበትን ድንጋይ ነበር። ባሁኑ ዘመን ግን ለመንገደኛ ሠራዊት ሌላ የማይታይ ጠላት ተጨምሮበታል። ይኸውም ከመንገድ ዳር ተቀብሮ በሩቅ ባለ ሰው እጅ፤ በአንዲት ትንሽ ስልክ ወይም ራዲዮ ትእዛዝ የሚፈነዳው ፈንጂ ነው። ፈንጂውን ያጠመደው ሰው በቦታው ስለማይገኝ ጀግንነት ብቻውን አያድንም፤ ጥይትም ቢተኮስ የሚመታው ሰው የለም። ስለዚህ ትእዛዙ ወደ ፈንጂው ሳይደርስ በአየር ላይ የሚያስቀር መሣሪያ በመኪና ላይ መትከል በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ይህ መሣሪያ የራዲዮ ማፈኛ ይባላል። አሠራሩም ሲገልጡት ከባድ አይደለም። የባቢሎንን ግንብ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ሥራቸው የተቋረጠው እጃቸው ስለ ደከመ ወይም ጡባቸው ስላለቀ እንዳልሆነ የመጻሕፍት ሊቃውንት ሁሉ ያውቁታል፤ ቋንቋቸው ስለ ተደባለቀና አንዱ የሌላውን ቃል መስማት ስላልቻለ ነው። የራዲዮ ማፈኛም እንዲሁ የጠላትን መሣሪያ አይሰብርም፤ ነገር ግን ጠላት በሚናገርበት የሞገድ ልክ ላይ ትርጉም የሌለው ታላቅ ጩኸት ስለሚያሰማ፤ ሰሚው መሣሪያ ትእዛዙን ከጩኸቱ ለይቶ መስማት ያቅተዋል።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1896 ዓ.ም. የመስኮብና የጃፓን ጦርነት ጊዜ የጃፓን መርከቦች የፖርት አርተርን ወደብ ከሩቅ ሲደበድቡ፤ ጥይቱ የወደቀበትን ቦታ እያየች በራዲዮ የምታስታውቃቸው አንዲት ሌላ መርከብ ነበረች። የመስኮብ የራዲዮ ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ በራሳቸው መሣሪያ ጩኸት ለቀው ወሬውን ስላበላሹባቸው ድብደባው ያሰበውን ያህል ጉዳት ሳያደርስ ቀረ። ይህ በጦርነት ራዲዮን ስለ ማፈን ከሚታወቁት ነገሮች የመጀመሪያው ነው።

ኢትዮጵያም በአየር ላይ ያለ ቃል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የተማረችው በመራራ ትምህርት ነው። በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን ከሆነው ከማይጨው ጦርነት በፊት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ እቴጌ መነን ያስተላለፉትን የራዲዮ ቃል የኢጣልያ ሠራዊት ጠልፎ እንደ ሰማው፤ የኢጣልያ ጦር አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶልዮ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ የነበራት ራዲዮ ጥቂት ነበር፤ የጠላትን ራዲዮ የምታፍንበት መሣሪያም አልነበራትም። ስለዚህ ያንዱ ወገን ምስጢር በአየር ላይ ተዘርቶ ሲቀር የሌላው ወገን ኤሮፕላንና መድፍ ግን ያለ ከልካይ ይነጋገር ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፤ ራዲዮ የሚናገርበትን ብቻ ሳይሆን የሚያደምጥበትንም ሰው የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑ ነው።

አሁን ይህን ነገር ወደ አርሲ ደጋ አምጥቶ መመርመር ይገባል፤ የመሣሪያው ጥቅምም ጉዳቱም በተራራ አገር ከሜዳ አገር ይልቅ ተለይቶ ይታያልና። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም በሳጉሬ፤ በበቆጂና በአሳሳ አልፎ ወደ ዶዶላ ይወርዳል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጭላሎ ይጋርዳታል፤ በምዕራብ ግን 1,640 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የዝዋይ ሐይቅና የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ከእግርዋ በታች ተዘርግቶ ይታያል።

ማፈኛው በመኪና ላይ ሲሆን ኃይሉ የሚገኘው ከቅርበት ነው። የራዲዮ ኃይል ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ፤ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ወደ መቶኛ ይቀንሳል። እንግዲህ ትእዛዝ ሰጪው ከፈንጂው 400 ሜትር፤ ማፈኛው ግን 40 ሜትር ቢርቁ፤ የሁለቱ መሣሪያ ጉልበት እኩል ቢሆን እንኳ የማፈኛው ጩኸት በፈንጂው ዘንድ መቶ ጊዜ ይበልጣል። ማፈኛው እንደ ጥላ ነው፤ ከባለቤቱ ጋራ ይሄዳል፤ ከባለቤቱም ጋራ ያልፋል። ስለዚህ በቅፍለቱ ውስጥ ያለ መኪና ከማፈኛው ርቆ ቢቀር ወይም ቀድሞ ቢሮጥ ከጥላው ውጭ ሆነ ማለት ነው። መሣሪያው የቱን ያህል ውድ ቢሆን የሾፌሩን ሥርዓት ማጣት አይሸፍንም።

በተራራ መንገድ ደግሞ ይህ ስሌት ሊገለበጥ ይችላል። መንገዱ በአለት ጎን ሲታጠፍ፤ ከጠመዝማዛው ወዲህ የቀረው ማፈኛ ከወዲያ ለዞረው መኪና አይደርስለትም፤ አለቱ ይጋርደዋል። ፈንጂ አጥማጁ ግን መኪናው የሚያልፍበትን ቅጽበት ማየት ስላለበት የሚመርጠው ቦታ ከፍ ያለና ምንም ያልጋረደው ነው። ለዓይን ያልተጋረደ ቦታ ለራዲዮም ያልተጋረደ ስለ ሆነ፤ ተራራው ለጠላት ዓይንንም ቃልንም በአንድነት ይሰጠዋል። ከዚህ የተነሣ በሜዳ አገር አንድ ማፈኛ የሚበቃው ቅፍለት በደጋ መንገድ ሁለትና ሦስት ማፈኛ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ካልሆነም በየጠመዝማዛው መኪናዎቹ ተጠጋግተው እንዲያልፉ ያስፈልጋል።

የማፈኛው አፍ አንቴናው ነው፤ አፉ የተበላሸ ደግሞ ጉሮሮው ቢበረታም አይሰማም። የአንቴና ርዝመት ከሚናገርበት ሞገድ ጋራ መስማማት አለበት። በሰከንድ 30 ሚሊዮን ጊዜ ለሚንቀጠቀጠው ሞገድ ሩቡ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ 900 ሚሊዮን ጊዜ ለሚንቀጠቀጠው የእጅ ስልክ ሞገድ ግን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። የራዲዮ ማፈኛ መኪና ባንድ ጊዜ ረጅምና አጭር፤ ቀጭንና ወፍራም አንቴና ተሸክሞ የሚታየው ጠላት በየትኛው ሞገድ እንደሚናገር አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው። የመኪናው የብረት ጣራም ራሱ ለአንቴናው እንደ መሠረት ሆኖ ያገለግላል፤ ቀለሙ ሳይፋቅ ወይም ዝገቱ ሳይጠረግ በላዩ የተተከለ አንቴና ጉልበቱ ይቀንሳል።

በአርሲ መንገድ የሚሄድ አንቴና ፈተናው ብዙ ነው። የክረምት ዝናብ በማያያዣው ገብቶ ኬብሉን ያበላሻል፤ ኮረኮንቹ መሠረቱን ያላላል፤ በመንገድ ዳር ያለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ዘንጉን ይመታል። ስለዚህ ጠንካራው አንቴና ግትር ሆኖ የሚቆም ሳይሆን፤ ከሥሩ ሞላ ኖሮት ሲመታ የሚጎነበስና ተመልሶ የሚቀና ነው። በከተማ ውስጥ ሲያልፉ ደግሞ ረጅሙን ዘንግ ወደ ታች ስቦ ማሰር ያስፈልጋል፤ የመብራት ሽቦ የነካ አንቴና ጠላት ሳይደርስባቸው የመኪናውን ሰዎች ሊገድል ይችላልና።

መሣሪያው የማይችለውንም ነገር ማወቅ ይገባል። በሽቦ ተስቦ የሚፈነዳውንና መኪና ሲረግጠው የሚፈነዳውን ፈንጂ የራዲዮ ማፈኛ አያግደውም፤ የሚሰሙት የራዲዮ ትእዛዝ የለምና። አሜሪካውያን በ1995 ዓ.ም. ወደ ኢራቅ ከገቡ በኋላ በብዙ ሺህ መኪናዎች ላይ ማፈኛ ሲተክሉ፤ ጠላቶቻቸው ወደ ሽቦና ወደ ርግጫ ተመለሱ። በዩክሬን ጦርነትም ሰው አልባዎቹን ትንንሽ ኤሮፕላኖች ማፈኛ እየጣላቸው ስላስቸገረ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ከኋላቸው እየተረተሩ የሚበሩ ሌሎች ተሠሩ። እንግዲህ ማፈኛ ያለው ሠራዊት መንገድ መሪውንና ፈንጂ ፈላጊውን ማሰናበት አይገባውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመንገዱን ባላገር ወዳጅነት ማጣት የለበትም። አዲስ የተቆፈረ አፈር ከማንም አስቀድሞ የሚያየው ከብት ጠባቂው ልጅ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ወታደር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራዊት በ2006 ዓ.ም. በሶማልያ ወደ ነበረው የአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪ ተልዕኮ በይፋ ከገባ ጀምሮ አልሸባብ በመንገድ የሚቀብረው ፈንጂ ዋና አደጋ ሆኖ ቆይቷል። ልጁን ወደዚያ የላከ የአርሲ ገበሬ ቢጠየቅ፤ በመኪና ላይ ስለ ቆመ ዘንግ ዋጋ የሚያነሣው ክርክር አይኖርም። የወታደርን ነፍስ የሚያድን መሣሪያ መግዛትና መሥራት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

ጥያቄው የሚነሣው ይህ መሣሪያ በሰላማዊ ሕዝብ መካከል ሲያልፍ ነው። ማፈኛ የጠላትንና የወዳጅን ቃል አይለይም፤ የሞገዱን ልክ ብቻ ያያል። ምጥ የያዛት ሴት ባል ከበቆጂ ገጠር አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩን ባነሣበት ሰዓት ቅፍለቱ በአጠገቡ ቢያልፍ፤ ጥሪው ወደ አሰላ ሆስፒታል አይደርስም። ቅፍለቱ አልፎ ቢሄድ ችግሩ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ማፈኛውን ሳያጠፋ በከተማ ዳር ቢያድር ግን ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሆናል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአርሲ ዞን በሽርካ ወረዳ ሰላማውያን ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። እንዲህ ያለ መከራ በሚያሠጋው ገጠር ስልክ የድረሱልኝ ጩኸት ማሰሚያ ነው። የጠላትን ቃል ለማፈን ተብሎ የተጠቂው ጩኸት አብሮ ቢታፈን፤ ጠባቂው ሳያውቅ የአጥቂው ረዳት ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የአሰላ ከፍታ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሸለቆውን ቁልቁል ከሚያየው ተዳፋት ላይ የተለቀቀ ሞገድ የሚጋርደው ነገር ስለሌለ እስከ ዝዋይ ሜዳና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። በዚያ ርቀት የደከመው ሞገድ ፈንጂን አያፍን ይሆናል፤ ነገር ግን ከሰማይ እጅግ ደክሞ የሚመጣውን የሳተላይት መንገድ መሪ ሊያውክ ይችላል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በባልቲክ ባሕርና በሜዲትራንያን ምሥራቅ የሚበሩ የመንገደኛ ኤሮፕላኖች በጦርነት ምክንያት በተለቀቀ ማፈኛ መንገድ መሪያቸው ሲታወክ ታይቷል።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሕገ መንግሥት አባል አገሮች በጦር ራዲዮአቸው ነጻ መሆናቸውን ይቀበላል፤ ሆኖም በተቻለ መጠን የሌላውን ራዲዮ እንዳይጎዱ ያዛል፤ የአደጋ ጥሪም ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሰማ ይደነግጋል። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የራዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድር የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቋቁሟል። ስለዚህ የመከላከያና የሲቪል ባለሥልጣኖች በዚህ ነገር ተነጋግረው ለመሥራት መንገዱ ተከፍቶላቸዋል።

መደረግ የሚገባውም ከባድ አይደለም። መጀመሪያ፤ ማፈኛው ቅፍለቱ በሚንቀሳቀስበት ሰዓትና አደጋ በሚያሠጋበት ስፍራ ብቻ እንዲሠራ፤ የከፈተውም የዘጋውም ሰው ሰዓቱን በመዝገብ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፤ ጉልበቱ ቅፍለቱን ለመሸፈን ከሚበቃው በላይ እንዳይሆን መወሰን ነው። ሦስተኛ፤ የጤና ጣቢያና የፖሊስ ራዲዮ የሚናገርበትን ሞገድ በተቻለ መጠን ነጻ መተው ነው፤ ሠራዊቱም የራሱን ራዲዮ እንዳያፍን ይህንኑ የመለየት ጥበብ ይፈልገዋልና። አራተኛ፤ ቅፍለቱ የሚያልፍበትን ሰዓት ምስጢር ሳያወጡ፤ ስልክ በድንገት ቢቋረጥ ሕዝቡ ወደ ማን መልእክተኛ እንደሚልክ ወረዳው አስቀድሞ ማስታወቅ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ነገር የካህናት እርዳታ ታላቅ ነው። ስልክ ሲጠፋ ወሬ ይበዛል፤ አንዱ ጦር መጣ ሲል ሌላው ከተማው ተያዘ ይላል። ካህኑ ለምእመናኑ የሆነውን በቀና ቃል ቢያስረዳ፤ በመንገድ ዳር ያልታወቀ ነገር ያየ ልጅ ሳይነካ እንዲናገር ቢያስተምር፤ ለጭንቅ ጊዜም የደወሉን ምልክት ከሽማግሌዎች ጋራ ቢወስን፤ ሽቦና ሞገድ የማይደርሱበትን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ደወልን የሚያፍን አንቴና እስካሁን አልተሠራም።

የአገር ጠባቂ ኃይሉ የሚለካው ጠላቱን ዝም በማሰኘቱ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀውን ሕዝብ ጩኸት ለመስማት ጆሮውን ክፍት በማድረጉም ነው። በአርሲ ደጋ መንገድ የሚያልፈው መኪና በላዩ የቆመው ዘንግ ወታደሩን ከፈንጂ ይጠብቀው ዘንድ ይገባል፤ የተራራው ባላገርም ያን ዘንግ ባየ ጊዜ ጠባቂው መጣ ይል ዘንድ እንጂ ድምፄ ተወሰደ እንዳይል፤ አዛዡም የወረዳው ሹምም አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።