የፀሐይ ኃይል ባትሪ ሲገዛ የዓመታቱ ሒሳብ ይታይ

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች በጤና ኬላው፣ በትምህርት ቤቱና በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጣራ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ሳይሰበር መብራቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ቀን የተሰበሰበውን ኃይል ለሌሊት የሚያቆየው ባትሪ ነውና። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት የባትሪውን ዓይነት አጣርተው ሊመርጡ ይገባል።

በገበያ ላይ በዋነኛነት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በየከተማው የሚያውቀው ባለሙያም አይጠፋም። ሁለተኛው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠውም ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ነው። የሊቲየሙ መግዣ ከእርሳሱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የዕለቱ ዋጋ ብቻ ከታየ ምርጫው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል ቢባልም፣ የእርሳሱ ዕድሜ እንዳያጥር ሊወሰድበት የሚገባው ግማሹ፣ ማለትም 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ከሊቲየሙ ግን 80 በመቶው፣ ይኸውም 960 ዋት ሰዓት ያለ ስጋት ይወሰዳል። በየሌሊቱ እስከ ግማሹ የሚሠራበት የእርሳስ ባትሪ እንደ ጥራቱ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ያህል እየተሞላ ሲያገለግል፣ ጥሩ ሊቲየም 3000 ጊዜ ያህል ያገለግላል። በዓመት 365 ሌሊት ሲታሰብ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይደክማል፤ ሁለተኛው ስምንት ዓመት ያልፈዋል።

ከዚህም ሌላ ክረምቱ ሊዘነጋ አይገባም። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲበዛ ባትሪው በሚገባ ሳይሞላ ይከርማል። የእርሳስ ባትሪ እንዲህ ሲቆይ ሰልፌት የተባለ ጠጣር ነገር ይጋገርበትና ኃይል የመያዝ ችሎታውን ያጣል። ሊቲየሙ በዚህ አይጎዳም። የሊቲየሙ ጠላት ውርጭ ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ መደረግ ስለሌለበት በደጋ ቀበሌዎች ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

የማኅበር ንብረት የሁሉም በመሆኑ አንዳንዴ ጠባቂ ያጣል። ውኃ የሚጨመርበት የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በየጊዜው የተጣራ ውኃ የሚሞላለት ሰው ካላገኘ ይደርቃል። ስለሆነም በየሌሊቱ ለሚሠራ አገልግሎት ገንዘቡ በአንድ መኸር ባይሞላ እንኳ በሁለት መኸር ቆጥቦ ሊቲየም መግዛቱ ይበልጣል። አቅም ያነሰው ማኅበር የእርሳሱን ቢገዛ አያስነቅፈውም። ሆኖም ለፀሐይ ኃይል የተሠራውን ይግዛ፤ የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አልተሠራም። የሚከታተለው ተጠሪም ይመደብለት። ያለቀው ባትሪ ሜዳ ላይ እንዳይጣል፣ በመንደርም እንዳይቀልጥ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግ፤ እርሳስ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነውና።

የግዥ ኮሚቴውም ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ ያገለግላል? ዋስትናው የስንት ዓመት ነው? የቻርጅ መቆጣጠሪያውስ ከባትሪው ዓይነት ጋር ይስማማል? መልሱ በጽሑፍ ተይዞ ለጠቅላላ ጉባዔው ይቅረብ። ገንዘቡ የአባላቱ ላብ ነው፤ ምጥ የያዛት እናት በውድቅት ሌሊት ወደ ጤና ኬላው ስትደርስም መብራቱ መኖር አለበት።