ርካሽ ቻርጀር ውድ ባትሪ ይበላል

በገበያችን ባትሪ የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው ብዙ ይጠይቃል። የት አገር እንደተሠራ፣ ስንት አምፔር እንደሚይዝ፣ ጋራንቲ እንዳለው ያጣራል። ቻርጀሩ ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ «የሚረክሰው የትኛው ነው?» በዚህ ጸሐፊ እምነት ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ አንድ ትምህርት ቤት ለሮቦት ውድድር የሚሰለፍ የተማሪዎች ቡድን አቋቋመ እንበል። ሐሳቡ የሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተጀመረው «ፈርስት ግሎባል» ከየአገሩ አንድ የወጣቶች ቡድን የሚጋብዝ ውድድር ነው። በአሜሪካ ታዋቂ በሆነው ታላቅ ወንድሙ፣ በ«ፈርስት» ውድድር ደግሞ፣ ሮቦቱ የሚሠራው በ12 ቮልት፣ 18 አምፔር-ሰዓት ገደማ በሚይዝ ድፍን የአሲድ ባትሪ ነው። ደንቡ ከ6 አምፔር በላይ በሚሰጥ ቻርጀር መሙላትን አይፈቅድም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በውድድሩ ቀን ቡድኑ በየግማሽ ሰዓቱ ይጫወታል፤ ባትሪው በየጨዋታው እስከ ግማሽ ይጎድላል እንበል። የጎደለውን 9 አምፔር-ሰዓት በ6 አምፔር ለመተካት፣ መጨረሻው ላይ ሙሌቱ ስለሚዘገይ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አራት ባትሪ ቻርጅ ላይ፣ አንድ ሮቦቱ ላይ፣ በድምሩ አምስት ይበቃል። ቻርጀሩ 2 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሙሌቱ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ያን ጊዜ 11 ባትሪ ሊያስፈልግ ነው! በቻርጀር ዋጋ የተቆጠበው በባትሪ ግዢ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይወጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ነጋዴ ይህን ሒሳብ አያጣውም፤ ካፒታል ቶሎ ካልዞረ ብዙ ካፒታል ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ፈጣን ይሁን ተብሎ ለመኪና የተሠራውን ትልቅ ቻርጀር በትንሹ ባትሪ ላይ ማሰር ባትሪውን አግሎ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የአሲድ ባትሪ ቻርጀርን በሊቲየም ባትሪ ላይ መሰካት ደግሞ እሳት እስከማስነሣት ይደርሳል።

የአገራችን ሁኔታ የሚጨምራቸው ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ከጀርባው ይፈለግ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ዘመናዊ ቻርጀር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ቁልፉን ካልነካው ሥራውን አይቀጥልም። ሌሊት መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ተማሪዎቹ ጠዋት የሚያገኙት ባዶ ባትሪ ነው። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ባዶውን በሰነበተ ቁጥር ይሞታል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ለጨረታ የሚወጣው ዝርዝር «ባትሪ ቻርጀር፣ 12 ቮልት» ብሎ ካበቃ፣ አሸናፊው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው መሆኑ አይቀርም። ገዢው የባትሪውን ዓይነት፣ የአምፔሩን መጠን፣ በአንድ ጊዜ ስንት ባትሪ እንደሚሞላ፣ የሚቀበለውን ቮልት፣ መብራት ሲመለስ ራሱ መቀጠሉንና ሲሞላ ራሱ ማቆሙን አብሮ ይጻፍ። ስድስት መስመር ብቻ ነው።

አስመጪውም ከዚህ ትርፍ አለው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ያለ ጊዜው የሞተ ባትሪን መተካት ለገዢው ከበድ ያለ ወጪ ሆኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር የሚጠይቀው ሰው በርክቷል። ባትሪውን ከተስማሚ ቻርጀሩ ጋር አጣምሮ፣ በሱቁ ሞክሮ አሳይቶ፣ ጋራንቲ ሰጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን አያጣም።

የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው «አውቃለሁ» ስላለ ብቻ መምህር አይባልም፤ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ ይመሰከርለታል። በካርቶኑ ላይ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ የተጻፈለት ቻርጀርም እንዲሁ ነው። ቴስተር ይዞ ልኩን ያየ ነጋዴ ይመስክርለት፤ ያልተመሰከረለትን ገዢው ይለፈው።